ዩኒቨርሳል ቴስቲንግ ማሽን ምንድን ነው? ሲመረጥስ ምን ይታያል?

ዩኒቨርሳል ቴስቲንግ ማሽን፣ በአጭሩ ዩቲኤም፣ ናሙናን እየሳበ፣ እየጨመቀ ወይም እያጎበጠ ጥንካሬውን የሚለካ መሣሪያ ነው። ግሪፖቹ ናሙናውን ከላይና ከታች ነክሰው ይይዛሉ፤ ሎድ ሴል የሚባለው ሴንሰር ኃይሉን ይለካል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ፍጥነቱን እየተቆጣጠረ የኃይሉንና የመለጠጡን ግራፍ ይስላል።

ገዢ ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ኪሎ ኒውተን ነው?» ብሎ ነው፤ ማሽኑ የሚችለውን ትልቁን ኃይል ማለቱ ነው። መልሱ ግን ከሚፈተነው ናሙና ይነሳል። ዲያሜትሩ 16 ሚሊ ሜትር የሆነ ፌሮ ጥንካሬው 600 ሜጋ ፓስካል (በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር 600 ኒውተን) ቢሆን 120 ኪሎ ኒውተን ገደማ ይሸከማል። ባለ 32ቱ የዲያሜትሩ እጥፍ ቢሆንም የሚፈልገው ኃይል አራት እጥፍ ነው፤ 480 ይደርሳል። ስለዚህ የሚፈተነውን ትልቁን ናሙና አስልቶ ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ አቅም መያዝ ነው።

ከልክ በላይ ትልቅ ማሽንም አያዋጣም። ለ1000 ኪሎ ኒውተን በተሠራ ሎድ ሴል በጥቂት ኒውተን የሚበጠስ ስስ ፕላስቲክ ቢፈተን ውጤቱ አይታመንም። አይኤስኦ 7500-1 በሚባለው ደረጃ ክላስ 1 ማለት የኃይል ስህተቱ ከተነበበው ቁጥር 1 በመቶ አይበልጥም ማለት ነው። ሻጩን «ይህ ክላስ ከስንት ኒውተን ጀምሮ ነው የተረጋገጠው?» ብሎ መጠየቅና የካሊብሬሽን (የልኬት ትክክለኛነት ማረጋገጫ) ሰርተፊኬቱን ማየት ያስፈልጋል። ናሙናዎቹ በጣም የሚለያዩ ከሆነ ሁለተኛ፣ አነስ ያለ ሎድ ሴል ይጨመራል።

ብዙ ጊዜ «በኋላ እንገዛዋለን» ተብሎ የሚቀረው ኤክስቴንሶሜትር የሚባለው የመለጠጥ መለኪያ ነው፤ ለእኔ ግን ብረት ለሚፈትን ላብራቶሪ ከማሽኑ ተነጥሎ መታየት የለበትም። 50 ሚሊ ሜትር የብረት ርዝመት በ200 ሜጋ ፓስካል ሲሳብ የሚለጠጠው 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ማሽኑ ይህን ግሪፑን በሚያንቀሳቅሰው አግዳሚ ምሰሶ ጉዞ ከለካው የግሪፑ መንሸራተትና የፍሬሙ መለጠጥ አብረው ይቆጠራሉ፤ ብረቱ ከሆነው በላይ የሚለጠጥ ይመስላል። ኤክስቴንሶሜትር ግን ናሙናው ላይ ተቆንጥጦ የናሙናውን መለጠጥ ብቻ ይለካል።

ከማሽኖቹ ዓይነት በሞተርና በብሎን የሚሠራው ፍጥነትን በደንብ ይቆጣጠራል፤ ለከባድ ኃይል በዘይት ግፊት የሚሠራው ሃይድሮሊኩ ይመረጣል። ሶፍትዌሩ ላይ የማልደራደርበት ነገር አንድ ነው፦ የግራፉን ምስል ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን የተለካ ቁጥር በሌላ ፕሮግራም በሚከፈት ፋይል ማውጣት መቻል አለበት። ከመክፈል በፊት ሻጩ የራስን ናሙና ፈትኖ ያንን ፋይል እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻላል።