ሰውን መፍራት በእንግሊዝኛ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አፍሬይድ» ማለት «ፈራ» ማለት ነው ብለው የያዙ ብዙዎች ናቸው። «ፈራ» ግሥ ሲሆን «አፍሬይድ» ግን ቅጽል ስለሆነ፣ «አይ አፍሬይድ ሂም» የሚለው አነጋገር ስህተት ነው፤ ትክክለኛው «አይ አም አፍሬይድ ኦፍ ሂም» ነው። «ኦፍ» የሚለውን በ«ፍሮም» መተካትም አይቻልም። «አይ ፊር ሂም» ሰዋስዉ ባይጓደልም ለዕለት ንግግር የመጽሐፍ ቋንቋ ይሆናል።

«ስኬርድ» እና «ስኬሪ» አንድ ናቸው የሚለው ግምት ደግሞ ያስቃል። የመጀመሪያው የፈራውን፣ ሁለተኛው የሚያስፈራውን ይገልጻል፤ አዲሱን አለቃውን የፈራ ሠራተኛ «አይ አም ስኬሪ» ቢል፣ «እኔ አስፈሪ ሰው ነኝ» ብሎ አለቃውን ያስጠነቀቀ ያህል ነው።

«አይ አም አፍሬይድ» በተባለ ቁጥር ፍርሃት አለ ማለትም አይደለም። ስልክ ያነሳች ጸሐፊ «አይ አም አፍሬይድ ሂ ኢዝ አውት» ስትል፣ «ይቅርታ፣ ወጥቷል» ማለቷ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን «ሰው ይፈራል» የሚለውን አባባል ቃል በቃል መመለስ ነው። እንግዳ ሲመጣ ከእናቱ ጀርባ የሚሸሸግ ልጅ በእንግሊዝኛ «ሻይ» (ዓይን አፋር) ይባላል፤ «ሂ ኢዝ አፍሬይድ ኦፍ ፒፕል» ከተባለ ግን ሰሚው «ይህ ልጅ ምን ደርሶበት ይሆን?» ብሎ ይሠጋል። አንድ ሰው ምንም ሳያደርገን ግርማው ብቻ አንደበታችንን ሲያስረው «አይ ፋይንድ ሂም ኢንቲሚዴቲንግ» ማለት ይሻላል፤ «ሂ ኢንቲሚዴትስ ሚ» ሰውዬው ሆን ብሎ የሚያስፈራራ ሊያስመስለው ይችላልና። ዓይን አፋርነትን ሁሉ «ሶሻል አንግዛይቲ ዲስኦርደር» ማለትም አይገባም። ይህ የሕመም ስም ነው፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው መመሪያ «ሶሻል ፎቢያ» ተብሎ የተመዘገበውም፣ ሰው ይታዘበኛል ከሚል ብርቱ ሥጋት የሚመጣው ችግር ነው።

በመጨረሻ፣ «ዜኖፎቢያ» ባዕድ ሰው ፊት መደናገጥን ይገልጻል የሚሉ አሉ። ቃሉ ባዕድ እና ፍርሃት የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት ቢፈልቅም፣ ዛሬ የሚያመለክተው በዋናነት ለባዕዳን ያለን ጥላቻ ነው። ከውጭ አገር ሰው ጋር ሲያወራ ምላሱ የሚተሳሰርበት ሰው «አይ ጌት ነርቨስ» ቢል ይበቃዋል።