ጠፋ ከተባለ በኋላ፦ አዳማና የጠፋ ሰው ግምት

«ጠፋ» ብዙ ነገር የሚሸከም ቃል ነው። መብራት ይጠፋል፣ ከብት ይጠፋል። ሳምንት ያልታየ ጓደኛ «ምነው ጠፋህ!» ይባላል። ለቤተሰብ ሳይናገር ዓረብ አገር የተሻገረም ጠፋ ነው፣ ካርድ ልግዛ ብሎ ወጥቶ የቀረም ጠፋ ነው። የጠፋ ሰው ግምት የሚባለው ልማድ የሚያድገው በዚሁ ቃል ስፋት ውስጥ ነው። ፖሊስ መልስ ያላገኘለት፣ ስልኩ የማይሠራ፣ አስከሬኑም ያልታየ ሰው የት እንደገባ፣ ሥራቸው ያልሆነ ሰዎች የሚሰጡት ማብራሪያ ነው። ደመወዝ የለውም፣ መዝገብ የለውም፣ ሲሳሳት የሚጠየቅበትም የለም። ቡና ግን አለው። አዳማ ውስጥ ደግሞ ጸጉር ቤትና የባጃጅ ወረፋም አለው።

ከተማዋ ለዚህ ነገር ትመቻለች። ከአዲስ አበባ 99 ኪሎ ሜትር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር በ1909 አዲስ አበባ ሲገባ በእሷ በኩል ነው ያለፈው። ዛሬም ወደ ድሬዳዋና ሐረር የሚሄደው፣ ወደ ጅቡቲ የሚነዳው፣ ወደ አሰላና ባሌ የሚታጠፈው ሁሉ እዚህ ሻይ ጠጥቶ ነው የሚያልፈው። መንገድ የበዛበት ከተማ ሰው ሲጠፋበት ግምቱም እንደ መንገዱ ይበዛል። (ትልልቆቹ አሁንም ናዝሬት ነው የሚሏት። አንዳንዱ የአፋልጉኝ ወረቀት ላይም እንደዚያው ተጽፎ ታገኙታላችሁ።)

የእኛን ሰፈር ጉዳይ እንደ ምሳሌ ልያዝ፣ ስም ሳልጠራ። አንድ የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ማታ ላይ ካርድ ልግዛ ብሎ ወጣ። አልተመለሰም። ይኸው ዓመታት አለፉ። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ የሰማሁትን ግምት ስቆጥር ስምንት ደርሶ ነበር። ሁለቱ የአንድ ሰው ናቸው፤ ጠዋት ሱቅ በር ላይ አንዱን፣ ማታ ደግሞ ሌላውን በእኩል እርግጠኝነት ነገረኝ።

ግምት የሚጀምረው ከአፋልጉኝ ወረቀት ነው። የመብራት ምሰሶ ላይ፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ አጥር ላይ፣ መናኸሪያ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከላይ ደብዛዛ ፎቶ አለ። ከሥሩ «ፎቶው ከላይ የሚታየው ልጃችን ከቤት እንደወጣ ስላልተመለሰ» ይላል፤ ከዚያ መልኩ፣ ቁመቱ፣ የለበሰው ልብስ፣ የስልክ ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ «ወረታውን ከፋይ ነን»። ገማቹ ይህን ወረቀት እንደ ቅኔ ነው የሚያነበው፤ ሰሙን ትቶ ወርቁን ይፈልጋል። «አእምሮውን ስለሚያመው» የሚል ካለበት ጉዳዩ ግማሽ ተዘጋ፣ ጠበል ቦታ ይፈለግ ይባላል። ከሌለበት ደግሞ «ደብቀው ነው» ይባላል። ስልኩ የአባት ሳይሆን የአጎት ከሆነ ልጁ ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ነበር ማለት ነው። ኮት ለብሶ ከወጣ ቀጠሮ ነበረው። ነጠላ ጫማ ከሆነ ሩቅ አላሰበም። የመጨረሻዋ እንኳን ትንሽ እውነት አላት፣ የእኛ ሰፈር ልጅ የወጣውም በነጠላ ጫማ ነበር።

ከግምቶቹ ሁሉ ቀድሞ የሚመጣው «ተሻግሮ ነው» የሚለው ነው። ይሄ ከሜዳ የተነሳ አይደለም። ከአዳማ በአዋሽ አድርጎ ወደ አፋር፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ የሚወስደው መንገድ ስንቱን ወጣት ወስዷል። ደላላው «ለማንም እንዳትናገር» ይላል፣ ልጁም አይናገርም። ቤተሰብ ወሬውን የሚሰማው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ እሱም ብር ላኩ ከሚል ስልክ ጋር። ስለዚህ ግምቱ ብዙ ጊዜ ይሳካል። ሌላም የሚወደድበት ምክንያት አለው፦ ተሻገረ ማለት አለ ማለት ነው። ለእናት ፊት ለፊት ሊነገር የሚችል ግምት እሱ ብቻ ነው።

«ገዳም ገብቶ ነው» የሚለው ከእሱ ይቀጥላል። ይሄኛው ሊሸነፍ የማይችል ግምት ነው። የመነኮሰ ሰው ስሙን ይቀይራል፣ ዘመድ አይፈልግም፣ ስልክ አይዝም። ያልተገኘበት ምክንያት ራሱ ማስረጃ ይሆንለታል። ከዚያ አዋሽ አለ። ወንጂና ቆቃ ቅርብ ናቸው፣ አዞም ጉማሬም አለ፣ ሰው ግን ይህን የሚያወራው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ነገሩን የሚያከብደው፣ አዋሽ ራሱ ባሕር ሳይደርስ በረሃ ውስጥ የሚጠፋ ወንዝ መሆኑ ነው።

የቅርብ ዓመታት ደግሞ «ታግቶ ነው» የሚለውን ከፍ አድርገውታል፤ መንገድ ላይ ታግቶ ብር የተጠየቀበት ሰው እውነትም አለና። ግን አጋች ይደውላል። ሥራው መደወል ነው። ወር ሙሉ ማንም ካልደወለ ግምቱን መልሶ ማየት ደግ ነበር፣ የሚያደርገው ግን የለም።

«ኩላሊቱን ወስደውት ነው» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ንቅለ ተከላ የሰጪውና የተቀባዩ ደምና ሕዋስ ሲስማማ፣ ንጹሕ የቀዶ ሕክምና ክፍልና ብዙ ባለሙያ ሲኖር የሚሠራ ነገር ነው። በእኛ አገር ራሱ የተጀመረው በ2008፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ጨለማ ውስጥ በሚኒባስ አይሠራም። በቃ።

ይሄ ሁሉ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ድሮ ወንጀለኛው ያልታወቀ ነገር ሲፈጠር የአካባቢው ሰው አፈርሳታ ይቀመጥ ነበር፤ አውጫጭኝም ይባላል። ሰፈሩ ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ የሚያውቅ እንዲናገር ይማላል፣ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤት መሄድ የለም። ከእሱ የባሰው ሌባሻይ ነበር። አንድ ልጅ የሚያሰክር ነገር ይጠጣል፣ እየተንገዳገደ ይሄዳል፣ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። መንግሥት ሌባሻይን ከለከለው። የዛሬ ገማች ግን አንዳንዴ ያንን ልጅ ነው የሚያስታውሰኝ፤ ምንም ሳይጠጣ ሄዶ ሰው ደጅ ላይ ይወድቃል።

እኛ ሰፈር የተወደቀበት ደጅ የአንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ልጁ ለመጨረሻ ጊዜ ከእሱ ጋር ሲያወራ ታይቷል ተባለ። ማን አየ? «አሉ» ነው። ሰውየው ሦስት ወር ደንበኛ ራቀው፣ ከዚያ ቤቱን ቀየረ፤ መቀየሩም «ይኸው!» ተባለበት።

በአገር ደረጃ ትልቁ የግምት ጉዳይ የደራሲው የበዓሉ ግርማ ነው፣ እሱም የተያያዘው ከእኛው መንገድ ጋር ነው። በዓሉ የጋዜጣ አዘጋጅ ነበር፣ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊ ነበር። በ1975 ስለ ኤርትራው ዘመቻ የጻፈው ልብ ወለድ «ኦሮማይ» ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱም ከሥራ ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ማታ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ቮልስዋገን መኪናው ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች። ያ መንገድ ቀጥ ብሎ አዳማ ይገባል። የደርግ ደኅንነት ገደለው የሚለው ሰፊውን ቦታ የያዘ ነው፤ ከአገር ወጥቷል፣ እንዲያውም በሕይወት አለ የሚሉም ለዓመታት አልጠፉም። አስከሬኑ ግን አልተገኘም። ልጅ ሆኜ በዚያ መንገድ ስንጓዝ፣ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት ቃሊቲ ላይ በመስኮት እያመለከቱ «እዚህ ጋ ነው» ይሉኝ ነበር። ግምት የራሱ ጂኦግራፊ አለው።

መልስ ያገኙትን ጉዳዮች ስናይ ደግሞ መልሱ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 አዲስ አበባ ላይ ታፍነው ተወሰዱ። ታስረዋል፣ ተገድለዋል፣ የሆነ ቦታ በሕይወት አሉ ሲባል 13 ዓመት አለፈ። አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ነው፤ የተገደሉትም በታፈኑበት ሰሞን ነበር። የአፄ ኃይለ ሥላሴም አፅም እንዲሁ በዚያው ዓመት ቤተ መንግሥት ውስጥ ተቆፍሮ ወጣና ጥቅምት 26 ቀን 1993 በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። በሁለቱም የሠራው ቁፋሮ ነው፣ የተናገረውም አፈር ነው። 13 ዓመት ሙሉ የተጠጣው ቡና አንድ ሜትር አልቆፈረም።

ይሄ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። እንግሊዛዊቷ ደራሲ አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1926 ለ11 ቀን ጠፍታ ነበር። ያን ሰሞን ትልቁ የወንጀል ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል የእጅ ጓንቷን ይዞ የሄደው ወደ ማን መሰላችሁ? ወደ ጠንቋይ ነው፣ ማለቴ መናፍስት አነጋግራለሁ ወደሚል ሰው። እሷ ሃሮጌት ከተማ ሆቴል ውስጥ ተገኘች። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 የሆነው ግን አያስቅም። የቦስተን ማራቶን ፍንዳታ ሲደርስ፣ በይነመረብ ላይ ያሉ ገማቾች ከወር በፊት የጠፋ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪን ፎቶ አይተው «እሱ ነው» አሉ። ልጃቸውን ሲፈልጉ ለነበሩት ቤተሰቦች የስድብ ስልክ ዘነበ። ልጁ በፍንዳታው ምንም እጅ አልነበረበትም፤ ከቀናት በኋላ አስከሬኑ ወንዝ ውስጥ ተገኘ።

ባለሙያ ያልሆነ ሰው አይረባም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 8 ቀን 2014 የማሌዢያው አውሮፕላን ኤምኤች 370 ከነ239 ሰዎቹ ሲጠፋ ዓለም ሁሉ ገምቷል። ብሌን ጊብሰን የሚባል አሜሪካዊ ጠበቃ ግን በራሱ ገንዘብ የባሕር ዳርቻ ለዳርቻ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሞዛምቢክ ላይ አንድ ስባሪ አገኘ፣ መርማሪዎችም ከዚያው አውሮፕላን መሆኑ እርግጠኛ ለመሆን ጥቂት የቀረው ነው አሉ። ሰውየው ብዙ ሃሳብ ነበረው ይባላል፤ ያገኘው ግን በእግሩ ነው።

አዳማ ላይም እንደዚህ ያለ ሰው አይቻለሁ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ልጁን ማክሰኞ ማታ መናኸሪያ አድርሼዋለሁ ብሎ ነበር፣ «ተሻግሮ ነው» የሚለውም በዚህ ጸንቶ ቆየ። ሻይ የምትሸጥ አንዲት ልጅ ናት ያፈረሰችው። «ያን ማታ መብራት ነበር?» አለችው። አልነበረም፣ በስልክ መብራት ነው ብር የቆጠርኩት አለ። እሷ ደግሞ መብራት የሄደው ሰኞ መሆኑን ታውቃለች፣ ሊጥ ተበላሽቶባታል። ልጁ ደግሞ ሰኞ ማታ ቤቱ ነበር፣ እራት ከእናቱ ጋር በልቷል። ሾፌሩ ውሸታም አይደለም፣ ሌላ ሰው ነው ያደረሰው። በአንድ የተበላሸ ሊጥ ስንት ወር የዘለቀ ግምት ወደቀ።

ቤተሰብ ላይ የሚደርሰው ብዙ ነው፣ ሁለቱን ብቻ ልንገራችሁ። አንደኛው ወረታ የሚሸተው ሰው ነው፤ «ልጃችሁ እኔ ጋ ነው፣ መሳፈሪያ በቴሌብር ላኩ» ይላል፣ ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። የእኛዎቹ ሦስት ጊዜ ልከዋል። ሁለተኛው አለቃቃሽ ነው። ቡና ተጋብዞ መጥቶ የራሱን ግምት እናቲቱ ላይ ይሞክራል፣ ፊታቸውን ያያል፣ ፊታቸውንም ለሌላው ቡና ማስረጃ አድርጎ ያቀርባል።

ሕጉ ደግሞ የራሱ ቀን አለው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 154፣ አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ መጥፋቱ በፍርድ እንዲታወጅ መጠየቅ ይችላል ይላል። ሲፈረድ ጋብቻ ይፈርሳል፣ ወራሽ ንብረት ይረከባል። ለባንክ፣ ለቤት ካርታ፣ ለልጆች ጉዳይ ያስፈልጋል። የእኛ ሰፈር ልጅ ወንድሞችም ቤቱን በስማቸው ለማዞር ይህን ፍርድ ይፈልጉ ነበር። እናታቸውን ጠየቁ። እማማ «ዳኛ ፊት ቆሜ ልጄን የለም አላስብልም፣ ካርታው ይቆይ» አሏቸው።

ካርታው እንደቆየ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሞያሌ ላይ አየሁት ብሏል፣ ጺም አውጥቷል አለ።