በጣና ዳር የፊልም ፕሮዲዩሰር ሥራ

ፕሮዲዩሰር ገንዘብ አፈላልጎ፣ ባለሙያ ቀጥሮና ፈቃድ አውጥቶ ፊልሙን ከጽሑፍ እስከ ተመልካች የሚያደርስ ሰው ነው። በኦስካር ለምርጥ ፊልም የሚሰጠውን ሐውልት የሚረከቡትም ፕሮዲዩሰሮች ናቸው። በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ይህ ሥራ የሚጀምረው ወቅት ከመምረጥ ነው።

ክረምቱ እንዳለፈ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ምድሩ ለምለም ነው። በታኅሣሥ ማሳው ቢጫ ይሆናል፤ ከየካቲት ወዲህ መሬቱ ይገረጣል። በጥቅምት ተጀምሮ ብር ያለቀበት ቀረጻ በየካቲት ቢቀጥል፣ ተዋናይዋ ከአረንጓዴ ማሳ ወጥታ ደረቅ መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ይህን ደግሞ የቀለም እርማት አያድነውም። ስለዚህ የደጅ ትዕይንቶች በአንድ ወቅት ተጠቃለው ይቀረጻሉ፣ የቤት ውስጦቹ ቢዘገዩም ግድ የለም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴም ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ሞልቶ ይወርዳል፤ በበጋ ግን ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫ ስለሚዞር እጅግ ይሳሳል።

ለፊት የሚስማማው ብርሃን ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት እና ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት ያለው ነው። በሚያዝያ ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትቆም የዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል፤ ያን ሰዓት ለምሳና ለቤት ውስጥ ትዕይንት ማዋል ይሻላል። ሐይቁ ላይ የሚደረግ ቀረጻ ጠዋት ማለቅ አለበት። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሣል፣ ማዕበሉ ጀልባውን ያናውጣል፣ ማይክሮፎኑም ከንፋስ በቀር ምንም አይሰማም። ካሜራው ያለበት ጀልባ ሞተሩን አጥፍቶ በመቅዘፊያ መንቀሳቀስ አለበት፤ የሞተር ድምፅ የገባበት ንግግር በስቱዲዮ እንደ አዲስ መቀዳቱ አይቀርም።

የደንገል ታንኳ ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። ደንገል ውሃ ይስባል፤ ከተጠቀሙበት በኋላ ቀጥ አድርገው አቁመው ካላደረቁት ይከብዳል፣ ይበሰብሳልም። ጠዋት ከፍ ብሎ የተንሳፈፈው ታንኳ ውሎ ሲያድር ዝቅ ስለሚል በምስል ላይ ልዩነቱ ይታያል። መፍትሔው አንድ ዓይነት 3 ታንኳ አሠርቶ ማፈራረቅ ነው። ታንኳውን የሚሠሩት፣ በጣና ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ባለሙያዎች የዋጋቸውን ያህል ሊከፈላቸው፣ ፈቃዳቸው ከሆነም ስማቸው በፊልሙ መዝጊያ ላይ ሊጻፍ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም ይኸው ነው።

የዘመን ስሕተትም አለ። እምቦጭ በጣና የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ያለን ታሪክ የሚተርክ ፊልም በእምቦጭ የተሸፈነ ዳርቻ ሊያሳይ አይችልም። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይም 380 ሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ ወንዙን ከሩቅ የሚያሳይ ምስል ውስጥ በቀላሉ ይገባል።

ለገዳማት ከሀገረ ስብከትም ከገዳሙ አስተዳዳሪም ፈቃድ ይጠየቃል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም፤ የካሜራ ባለሙያዋ ሴት ከሆነች ይህ መታወቅ ያለበት ቡድኑ ሲቀጠር እንጂ ወደቡ ላይ አይደለም። በዘጌ አብያተ ክርስቲያናት የጥንት ሥዕሎች ላይ ፍላሽ አይበራም። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ይዘጋጃል። የድሮን ፈቃድ ጊዜ ይወስዳል፤ አውሮፕላን ማረፊያው ለከተማው ቅርብ ስለሆነም ቀደም ብሎ መጀመር ግድ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የወረቀት ጉድለት ነው። በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስና በበርሊን የፊልም ፌስቲቫሎች የተመልካች ሽልማት ያገኘው «ድፍረት» የተሰኘ ፊልም በአዲስ አበባ ሊመረቅ በተዘጋጀበት ምሽት በፍርድ ቤት እግድ ቆሟል፤ ክርክሩ የመነጨው ፊልሙ ከተመሠረተበት እውነተኛ ታሪክ ባለቤትነት ነበር። በሕይወት ካለ ሰው ታሪክ የሚነሣ ፊልም የተፈረመ ውል የሚያስፈልገው ስክሪፕቱ ሳይጻፍ ነው። ከተዋናይ፣ ከሙዚቃ ደራሲና ከግቢው ባለቤት ጋርም እንዲሁ።

የተቀረጸው ምስል በየማታው በ3 ቅጂ ይያዛል፣ አንዱም ሌላ ቤት ያድራል። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ለውጭ ፌስቲቫል ንዑስ ጽሑፍና ዲሲፒ (ለሲኒማ ቤት ማሳያ የሚሆን ዲጂታል የፊልም ቅጂ) ይዘጋጃል። እስከዚያ ዩቲዩብ ላይ አይጫንም፤ ብዙ ፌስቲቫሎች ቀድሞ የታየን ሥራ አይቀበሉም።