ትሮምቦን በካሜራ ፊት፦ የስዊንግ ዘመን ባንዶች ፊልሞች

ስዊንግ ከ1930ዎቹ አጋማሽ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አሜሪካን ያስጨፈረ የጃዝ ዓይነት ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የሚጫወቱት ትልልቅ ባንዶች ነበሩ። ዘፈኖቻቸው በሸክላ ብቻ አልቀሩም፤ ካሜራም ብዙ ቀርጿቸዋል። ከነዚህ ቅጂዎች ውስጥ ትሮምቦን የተባለው የትንፋሽ መሣሪያ ያለባቸው ለዓይን ይለያሉ። ትራምፔት ወይም ሳክስፎን የሚነፋ ሰው የሚያንቀሳቅሰው ጣቶቹን ነው። ትሮምቦን ላይ ግን ቱቦው ወጣ ገባ ይላል። ሰባት መቆሚያ ቦታዎች አሉት፤ እጁ የት እንደደረሰ ቁጭ ብለው ያዩታል።

ይህ ለፊልም ሠሪዎቹ ጣጣ ነበረው። ያኔ ሙዚቃው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ይቀዳል። ከዚያ ባንዱ ካሜራ ፊት ቆሞ ቅጂውን እየሰማ የሚጫወት ይመስላል። በአጭሩ ፕሌይባክ ነው። ፒያኖ ላይ ማስመሰል አይከብድም፤ ካሜራውን ከጀርባ ማድረግ ነው። ትሮምቦን ላይ ግን የተሳሳተ ክንድ ወዲያው ያስቃል።

የዘመኑ ስመ ጥር ትሮምቦን ተጫዋች ቶሚ ዶርሲ ነው። በ1941 ባንዱን ይዞ «ላስ ቬጋስ ናይትስ» በተባለ የፓራማውንት ፊልም ላይ ቀረበ። ዘፋኙ ወጣቱ ፍራንክ ሲናትራ ነበር፤ ስሙ እንኳ ከተዋናዮቹ ጋር አልተጻፈም። ሲናትራ መድረክ ላይ ከዶርሲ ኋላ ተቀምጦ፣ መቼ እንደሚተነፍስ ለመያዝ ጀርባውን ይከታተል እንደነበር ኋላ ተናግሯል። ዶርሲ በከንፈሩ ጥግ አየር እየሳበ ረጅም ዜማ ሳይቆርጥ ይጫወት ነበር። በ1947 ደግሞ እሱና ወንድሙ ጂሚ የራሳቸውን ታሪክ በሚያወራ ፊልም ላይ ራሳቸውን ሆነው ተወኑ። ትወናቸው ደረቅ ነው። ሆኖም ፒያኒስቱ አርት ቴተም ከነሱ ጋር የሚጫወትበት ክፍል ብቻውን ፊልሙን ያስከፍታል።

ግሌን ሚለርም ትሮምቦን ተጫዋች ነበር፤ ስሙ የገነነው ግን በቅንብሩና በባንዱ ድምፅ ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ ሚለር ወደሚጫወትበት ባንድ ሌላው ትሮምቦን ተጫዋች ጃክ ቲጋርደን ሲገባ ሶሎው ወደ ቲጋርደን ሄደ። ሚለር በባንዱ የሠራው ሁለት ረጅም ፊልም ብቻ ነው፦ «ሰን ቫሊ ሰረኔድ» በ1941 እና «ኦርኬስትራ ዋይቭስ» በ1942። ሁለተኛውን ሲያዩ ተጠንቀቁ። ፒያኖው ላይ የተቀመጠው ተዋናዩ ሴዛር ሮሜሮ ነው፤ ቤዙን የያዘው ደግሞ ኮሜዲያኑ ጃኪ ግሊሰን። የሚሰማው ድምፅ የሌሎች ነው። ሚለር በታኅሣሥ 1944 ከእንግሊዝ ወደ ፈረንሳይ ሲበር ከነአውሮፕላኑ ጠፋ። በ1954 ታሪኩ ፊልም ሲሆን ጄምስ ስቱዋርት ገጸ ባሕሪውን ተጫወተ፤ ድምፁን ሌሎች ቢነፉለትም ቱቦውን የት እንደሚያቆም ግን መማር ነበረበት።

በጣም የማደንቀው የባንድ መሪውን የዱክ ኤሊንግተንን ትሮምቦን ተጫዋቾች ነው። ትሪኪ ሳም ናንተን፣ ሁዋን ቲዞል እና ሎረንስ ብራውን አንዱ ከሌላው በድምፅ አይመሳሰሉም። ናንተን የተደፈነ ማጠቢያ የሚከፈትበትን ጎማ መሣሪያው አፍ ላይ እየከደነና እየከፈተ ሰው የሚያወራ የሚመስል ድምፅ ያወጣ ነበር። በ1942 በወጣው የ«ሲ ጃም ብሉዝ» አጭር ፊልም ላይ ይህን ሲያደርግ ይታያል። ቲዞል የፖርቶ ሪኮ ሰው ነው፤ ቆዳው ነጣ ያለ ነበር። በ1930 ባንዱ በአንድ የሆሊውድ ፊልም ላይ ሲቀርብ ነጭና ጥቁር አብረው የሚጫወቱ እንዳይመስል ፊቱን በሜካፕ አጠቆሩት። ጥቁር ሙዚቀኞች የሚታዩበት ክፍልም ብዙ ጊዜ ከታሪኩ ተነጥሎ ይቀረጽ ነበር፤ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ያሉ ሲኒማ ቤቶች ቆርጠው እንዲያወጡት። (ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ኒሻን ሲቀበል ሦስቱም አብረውት አልነበሩም።)

ከረጃጅሞቹ ፊልሞች ውጪ ትልቁ ክምችት «ሳውንዲስ» የሚባለው ነው። ሦስት ደቂቃ ገደማ የሚረዝሙ ፊልሞች ናቸው፤ የዛሬው የዘፈን ክሊፕ አያቶች ቢባሉ አይበዛም። በ1940ዎቹ ፓኖራም በተባለ ማሽን ላይ ይታዩ ነበር። ማሽኑን የሠራው የቺካጎው ሚልስ ኖቬልቲ ኩባንያ ነው። ቡና ቤትና ሆቴል ውስጥ ይቆማል፤ 10 ሳንቲም ሲከቱበት አንድ ፊልም ያሳያል። መምረጥ የለም። ስምንት ፊልም በአንድ ጥቅል ላይ ተቀጥሏል፤ ተረኛው ይመጣል። የሚፈልጉት ካልሆነ ሌላ ሳንቲም መክተት ነው።

ማሽኑ ምስሉን በመስታወት እያንጸባረቀ ስለሚያሳይ ፊልሙ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ይታተም ነበር። ስለዚህ እነዚህ ቅጂዎች በተራ ፕሮጀክተር ሲታዩ ሁሉም ግራኝ ይሆናል። የትሮምቦን ቱቦ የሚንቀሳቀሰው በቀኝ እጅ ነው። ሙሉው የትሮምቦን ረድፍ በግራው ሲስብ ካያችሁ፣ ያ ቅጂ ከፓኖራም የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ሳውንዲስ ሆሊውድ ብዙም ቦታ ያልሰጣቸውንም ይዟል። ኢንተርናሽናል ስዊትሃርትስ ኦፍ ሪዝም የሴቶች ብቻ ባንድ ነበር፤ መነሻው ሚሲሲፒ ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት ነው። በ1946 የተሠሩት ፊልሞቻቸው ላይ ሴቶች ትሮምቦን ሲነፉ ይታያሉ።

ከ1950 በኋላ ሥራው ወደ ቴሌቪዥን ዞረ። ቲጋርደን ያኔ «ስናይደር ቴሌስክሪፕሽን» ለተባሉ አጫጭር የቴሌቪዥን ፊልሞች ተቀረጸ። ሰውየው ትሮምቦን የጀመረው ክንዱ ሩቆቹን ቦታዎች በማይደርስበት ዕድሜ ነው። ስለዚህ ብዙውን በከንፈሩ መሥራትን ለመደ። ካደገም በኋላ ቱቦውን ብዙ አይዘረጋም፤ ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ያልደከመው ይመስላል። ለዚህ ዓይነቱ ጨዋታ የሚሻለው ድምፅና ምስል አብረው የተቀዱበት ነው። የሲቢኤስ ቴሌቪዥን ፕሮግራም «ዘ ሳውንድ ኦፍ ጃዝ» በታኅሣሥ 1957 በቀጥታ ተላለፈ። ቢሊ ሆሊዴይ «ፋይን ኤንድ ሜሎው»ን ስትዘፍን ከሌስተር ያንግ ሳክስፎን ቀጥሎ የቪክ ዲክንሰን ትሮምቦን ይገባል። እዚያ ላይ ፕሌይባክ የለም።