የአሮጌ ካቻቪቴ እጀታ፦ እንዴት ይበላሻል፣ በትንሽ ወጪስ እንዴት ይተካል?

ካቻቪቴ ሲያረጅ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሞተው ብረቱ ሳይሆን እጀታው ነው። ዘንጉ ከጠነከረ ብረት ስለሚሠራ በአግባቡ ከተያዘ ብዙ ዓመት ያገለግላል። እጀታው ግን ይሰነጠቃል፣ ይደርቃል፣ በመዶሻ ሲመታ ይፈረካከሳል፤ አንዳንዴም ዘንጉ ውስጡ መሽከርከር ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ዕቃው እንዳለ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል፤ ይህ በእኔ እይታ በተቀጽላው ምክንያት ዋናውን መጣል ነው። እጀታ መተካት ጥቂት ሙጫ፣ አንድ ቁራጭ እንጨትና ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

እጀታው ምን ዓይነት ጥገና እንደሚፈልግ የሚወስነው የተሠራበት ነገር ነው። ጥንታዊው እንጨት ነው። በእንጨት እጀታ ውስጥ የሚቀበረው የዘንጉ ሥር ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅም አፉ ላይ የናስ ወይም የብረት ቀለበት ይጠልቅበታል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ውስጥ የተለመደ ሌላ ዓይነትም ነበር። በዚህኛው ብረቱ ከጫፍ እስከ እጀታው መጨረሻ አንድ ወጥ ሆኖ ይዘልቃል፣ ከግራና ከቀኝ የእንጨት ገጾች ይለበጡበትና በብረት ችንካር ይያያዛሉ፤ አሠራሩ የወጥ ቤት ቢላዋ እጀታ ማለት ነው። ይህን መጠገን ከሁሉም ይቀላል፤ ችንካሩን ነቅሎ፣ ሁለት አዲስ ገጾች ቆርጦ፣ መልሶ መቸንከር ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ግን ገበያውን የያዘው ብርሃን የሚያስተላልፈው፣ ቢጫ፣ ቀይ ወይም አረንጓዴ ቀለም ያለው ፕላስቲክ ነው። ይህ ፕላስቲክ ሴሉሎስ አሲቴት ወይም ሴሉሎስ አሲቴት ቡቲሬት ይባላል፤ መሠረቱም ከእንጨትና ከጥጥ የሚገኘው ሴሉሎስ ነው። ጠንካራና ለእጅ የሚመች ነው፤ ሆኖም በውስጡ የተሸሸገ ደካማ ጎን አለው። እርጥበትና ሙቀት ሲፈራረቁበት ቀስ በቀስ ይፈርሳል፣ ሲፈርስም አሲድ ይለቃል። አሲቴቱ የኮምጣጤ ሽታ ይሰጣል። ቡቲሬቱ ደግሞ የከረረ ቅቤን፣ አንዳንዶች እንደሚሉት ትውከትን ይሸታል። ለዓመታት ተዘግቶ የቆየ የመሣሪያ ሣጥን ሲከፈት አፍንጫ የሚመታው ሽታ ብዙ ጊዜ ከዚህ የሚመጣ ነው። እጀታው ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገርም ይወጣል። የሚወጣው አሲድ መፍረሱን ራሱ ያፋጥነዋል፤ ከጎኑ የተቀመጠውን ብረትም ያዝጋል። ስለዚህ እንዲህ ዓይነቱን ካቻቪቴ በታፈነ ሣጥን ውስጥ ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር መቆለፍ ጥሩ አይደለም፤ አየር በሚያገኝ መደርደሪያ ላይ መስቀል ይሻላል።

ነጭ ሽፋንና ሽታ መኖሩ ብቻ እጀታው አበቃለት ማለት አይደለም። በለብታ ውኃና በሳሙና በጥርስ ብሩሽ ማሸት፣ ከዚያም ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ ማጠብና በደንብ ማድረቅ ብዙዎቹን ይመልሳቸዋል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሆነው አሴቶን ይህን ፕላስቲክ ስለሚያሟሟው ለማጽጃነት አይሆንም። ያው ጠባዩ ግን ለጥገና ይጠቅማል፦ ቀጭን ስንጥቅ ውስጥ ጥቂት ጠብታ አሴቶን አስገብቶ፣ በሞርሳ ጨምቆ አንድ ቀን ማሳደር የተለያዩትን ገጾች እርስ በርስ ያጣብቃል። ቁራጩ ወድቆ የጠፋ ወይም ውስጡ ድረስ የተፈረካከሰ እጀታ ከሆነ ግን መድከም አያስፈልግም፤ መተካት ነው።

አሮጌውን ለማውለቅ ዘንጉን በሞርሳ መያዝና ፕላስቲኩን በመጋዝ በርዝመቱ እስከ ብረቱ ድረስ ሰንጥቆ በመሮ መፈልቀቅ ይቻላል። ፕላስቲኩን በፈላ ውኃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ስለሚያለሰልሰው ሥራውን ያቀላል። በእሳት ማቃጠል ግን ሁለት ጉዳት አለው፤ ጭሱ ለሳንባ አይበጅም፣ ሙቀቱም ወደ ጫፉ ከተዛመተ የብረቱ ጥንካሬ ይጠፋል። ብረት 300 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ሰማያዊ ይሆናል፤ ያንን አልፎ ግራጫ የሆነ ጫፍ ብሎን ላይ ሲያርፍ ይጣመማል። የግድ ማሞቅ ካስፈለገ ጫፉን በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል ያስፈልጋል። እጀታው ሲወልቅ በዘንጉ ሥር ላይ ተጨፍልቀው የወጡ ትናንሽ ክንፎች ይታያሉ። እነዚህ ዘንጉ እንዳይሽከረከር የሚይዙት ናቸውና በሞረድ እንዳይጠፉ።

ለአዲሱ እጀታ እንጨት ሲመረጥ ጥንካሬው ብቻ ሳይሆን ድርቀቱም ይታያል። በኢትዮጵያ ለመሣሪያ እጀታ ወይራን የሚስተካከል የለም፤ ጠጣር ነው፣ ሲለሰልስም ያምራል። ዋንዛ ለመቅረጽ ይቀላል፤ ብዙ ኃይል ለማይጠይቅ ትንሽ ካቻቪቴ ይበቃል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ርካሹና አስተማማኙ ምንጭ የተሰበረ የዶማ ወይም የአካፋ እጀታ ነው፤ እንጨቱ ለዓመታት ደርቋል፣ ጥንካሬውም ተፈትኗል። የመጥረጊያ እንጨት ለትልቅ ካቻቪቴ ይቀጥናል። ሰፊ እጀታ በእጅ ሲጠመዘዝ የበለጠ ኃይል ይሰጣልና፣ ለመካከለኛ ካቻቪቴ 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና ከ3 እስከ 3.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ጥሩ ልኬት ነው።

ብዙ ጀማሪዎች መጀመሪያ እጀታውን አሳምረው ይቀርጹና በኋላ ሲበሱት ቀዳዳው ከመሀል ይወጣባቸዋል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፦ ጥርብ እንጨቱ ላይ መጀመሪያ ቀዳዳው በመሰርሰሪያ ይበሳል፣ ቅርጹ ከዚያ በኋላ ቀዳዳውን ማዕከል አድርጎ ይወጣል። የ6 ሚሊ ሜትር ዘንግ በ6 ሚሊ ሜትር መብሻ ይበሳለታል፤ ጥልቀቱ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ይበቃል። ለክንፎቹ ከቀዳዳው ግራና ቀኝ ጠባብ ቦይ ይወጣል። ክንፍ የሌለው ክብ ሥር ከሆነ ሁለት ጎኑን በሞረድ ማደልደል ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የትኛውም ሙጫ ብቻውን ጠንካራ ጥምዘዛ አይችልም። ቶርኖ የሌለው ሰው በቢላዋና በሞረድ ይቀርጻል፣ በጠርሙስ ስባሪ ይፍቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይጨርሳል። ክብ ከማድረግ ይልቅ በትንሹ ሞላላ ወይም ባለ ስድስት ጎን ማድረግ ይመረጣል፤ እጅ ውስጥ አይንሸራተትም፣ ከጠረጴዛ ላይም ተንከባሎ አይወድቅም።

ቀለበቱን ቸል ማለት አይገባም፤ የእንጨት እጀታ የሚሰነጠቀው ከአፉ ነው። የናስ ወይም የመዳብ ቱቦ ቁራጭ፣ የቀጭን የውኃ ቱቦ ጫፍ፣ ወይም ታችኛው ተቆርጦ የወጣለት የተተኮሰ የጥይት ቀለህ ለዚህ ያገለግላል። የእንጨቱ አፍ ከቀለበቱ ውስጥ በጥቂቱ ወፍሮ ይቀረጽና ቀለበቱ በመዶሻ እየተመታ ይገባል።

ማጣበቂያው ሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ የሚሠራው ኢፖክሲ ነው። ብረቱ በብርጭቆ ወረቀት ይሻከራል፣ ቅባቱ በአልኮል ይጠረጋል፣ ቀዳዳው በሙጫ ይሞላል፣ ዘንጉም ቀጥ ማለቱ እየታየ ይገባል። አንድ ሙሉ ቀን ሳይነኩ መተው ያስፈልጋል። ኢፖክሲ ያልነበራቸው ባለ እጆች የማጭድና የቢላዋን ሥር በእሳት አግለው እንጨቱን እያቃጠሉ ይተክሉት ነበር። ይህ ዘዴ ለካቻቪቴም ይሠራል፤ ጥምዘዛውን ግን እንደ ኢፖክሲ አይችልም፣ ጫፉንም ከሙቀት መጠበቅ ግድ ነው።

ለማጠናቀቂያ የተልባ ዘይት በጨርቅ እየተቀባ ይደርቃል። ጨርቁ ተጨማድዶ ከተጣለ ዘይቱ ሲደርቅ በሚፈጥረው ሙቀት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ መንከር ይገባል።

የእንጨት ሥራ የማይሆንለት ሰው ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የሞረድ እጀታ ገዝቶ መግጠም ይችላል። ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ ውስጥ የወጣን ከመነዳሪ እየወጠሩ መጠቅለልም ለጊዜው ያገለግላል፤ ዘላቂ ግን አይደለም። የፒቪሲ ቱቦ አቅልጦ እጀታ ለመሥራት መሞከር መርዛማ ጋዝ ስለሚለቅ ጭራሽ አይመከርም።

በአንድ ጉዳይ ላይ ድርድር የለም። ኤሌክትሪክ ያለበት ቦታ የሚገባ ካቻቪቴ ቤት ውስጥ እጀታው ተተክቶለት ወደዚያ ሥራ አይመለስም። ለኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠሩት የ1000 ቮልት ምልክት ያለባቸው ሲሆኑ በፋብሪካ እያንዳንዳቸው በ10,000 ቮልት ይፈተናሉ፤ ሽፋኑም እስከ ጫፉ አካባቢ ድረስ ዘንጉን ይለብሳል። እንጨት እርጥበት ይመጥጣል፣ የናሱ ቀለበትም ጣት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ቤቶች 220 ቮልት ሰው ለመግደል ከበቂ በላይ ነው። ሽፋኑ የተጎዳ የኤሌክትሪክ ካቻቪቴ ይጣላል፣ ወይም ለአናጢ ሥራ ብቻ ይለያል።

እጀታ ከመሥራት በፊት ጫፉን ማየትም አይከፋም። የተበላ ጠፍጣፋ ጫፍ በሞረድ በቀላሉ ቀጥ ይላል። የመስቀል ጫፍ ከተበላ ግን በእጅ ማስተካከል አስቸጋሪ ነው፤ እንዲህ ያለውን ዘንግ በድንጋይ አሹሎ፣ አዲሱን እጀታ ገጥሞ ወስፌ ማድረግ ይቻላል።