ኮርኒሱ ላይ ያደረችው ወፍ፦ ስለ ጎተራ ጉጉት የሚባለውና እውነታው

ባለፈው ጥቅምት ኮምቦልቻ አክስቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። ሌሊት ሌሊት ኮርኒሱ ላይ ሰው ተኝቶ የሚያንኮራፋ ይመስላል። ጠዋት ቡና ላይ አንዱ ጎረቤት "ጂን ነው" አለ፤ ሌላው "የሞት ምልክት ነው" አለ። አመሻሽ ላይ ግን ከጣሪያው ሥር ነጭ ወፍ ወጣች። ጉጉት ናት፤ ጎተራና መጋዘን ውስጥ መኖር ስለምትወድ የጎተራ ጉጉት የሚሏት። ልጆች ድንጋይ ሲያነሱባት አንጀቴ ተላወሰ። እስቲ ቡናው ላይ የሰማሁትን አንድ በአንድ ልመልስ።

"ፊቷ የሰው ፊት ነው፤ ጆሮ ግን የላትም።" ጆሮማ አላት! እንዲያውም ያ የልብ ቅርጽ ያለው ፊቷ የጆሮዋ አካል ነው ማለት ይቻላል። ደረቅ ያሉት የፊቷ ላባዎች ድምፅ ሰብስበው ወደ ጆሮዋ ይመራሉ። የጆሮዎቿ ቀዳዳዎች በላባ ስለተሸፈኑ አይታዩም። ደግሞም እኩል አይደሉም፤ ግራው ከቀኙ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከታች የመጣ ድምፅ በሁለቱ ጆሮ እኩል አይሰማም፤ አይጧ የት እንዳለች የምታውቀው በዚህ ልዩነት ነው። ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ፣ ምንም ሳታይ፣ በድምፅ ብቻ አይጥ መያዝ ትችላለች። እኔን እስካሁን የሚገርመኝ ይሄ ነው።

"ቀን ዕውር ናት፤ አንገቷም ሙሉ ዙር ይዞራል።" ቀንም ታያለች። ዓይኗ ግን እንደ ቱቦ ረዘም ያለ ስለሆነ ጉድጓዱ ውስጥ አይንቀሳቀስም፤ ጎን ለማየት የግድ ጭንቅላቷን ታዞራለች። እኛ 7 የአንገት አጥንት አለን፣ እሷ 14። እንዲያም ሆኖ የምትዞረው እስከ 270 ዲግሪ ነው፤ ሙሉ ዙር 360 ነው።

"ዶሮ የምታነሳ ግዙፍ ወፍ ናት።" ክንፏ ሲዘረጋ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ነው እንዲህ የምትመስለው። ክብደቷ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ኪሎ ብዙም አይበልጥም። የቀረው ላባ ነው። ላባው ለስላሳ ነው፤ የክንፏ የፊት ጠርዝም እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አለው። ነፋሱን ስለሚከፋፍለው ስትበር ድምፅ አይሰማም። መንፈስ ያስባላትም ይኸው ነው።

"ጉጉት ሁሉ ኡኡ ይላል።" ይቺኛዋ አትልም። ትጮሃለች፣ እንደ እባብም ትነፋለች። የኮርኒሱ ማንኮራፋት ደግሞ ምግብ የሚለምኑ ጫጩቶቿ ናቸው፤ አብሽሩ።

አክስቴን በጣም ያስፈራት ግን ድምፁ አልነበረም። ግድግዳው ሥር አውራ ጣት የሚያህሉ ጥቋቁር ድብልብሎች አግኝታ፣ መተት ነው ብላ በእንጨት ነበር የገፋቻቸው። ጉጉቷ አይጥ ሙሉውን ትውጥና አጥንትና ፀጉሩን ጠቅልላ ትተፋዋለች። አንዱን ውሃ ውስጥ ነክሬ ፈታሁላት። 3 የአይጥ ራስ ቅል ወጣ፤ የፊት ጥርሳቸው ሳይቀር።