አዮን ምንድን ነው? ኤሌክትሮን የጎደለው አቶም ስለምን ፖዘቲቭ ይባላል?

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የጎረቤቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣችና «ሶዲየም ኤሌክትሮን ካጣ ለምን የመደመር ምልክት ይደረግበታል? የጎደለው መቀነስ አልነበረበትም?» ስትል ጠየቀችኝ። ብዙ ተማሪ ሸምድዶ የሚያልፈው ይህ ጥያቄ የጉዳዩ ዋና ቁልፍ ነው።

በአቶም መሃል ባለው ኒውክለስ ውስጥ ፖዘቲቭ ቻርጅ (የኤሌክትሪክ ሙሌት) ያላቸው ፕሮቶኖች፣ በዙሪያው ደግሞ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያላቸው ኤሌክትሮኖች ይገኛሉ፤ የአንዱ ፕሮቶንና የአንዱ ኤሌክትሮን ቻርጅ በመጠን ፍጹም እኩል ስለሆነ፣ ቁጥራቸው እኩል እስከሆነ ድረስ ይጣፋሉ፣ አቶሙም ገለልተኛ ይሆናል። ይህ እኩልነት ሲዛባ አቶሙ አዮን ይባላል። በኬሚካላዊ ለውጥ ጊዜ ፕሮቶን ከኒውክለሱ አይነቃነቅም፤ የሚሄደውም የሚመጣውም ኤሌክትሮን ብቻ ነው።

ሶዲየም 11 ፕሮቶንና 11 ኤሌክትሮን አለው። አንድ ኤሌክትሮን ሲለቅ 11 ፕሮቶን ከ10 ኤሌክትሮን ጋር ይቀርና አንዱ ፕሮቶን የሚያጣፋው ያጣል፤ ዕዳ የተሰረዘለት ሰው አንድ ብር ሳይጨመርለት የተጣራ ሀብቱ ከፍ እንደሚል ማለት ነው። 17 ፕሮቶን ያለው ክሎሪን ደግሞ ያንን ኤሌክትሮን ሲቀበል 18 ኤሌክትሮን ይኖረውና ኔጌቲቭ አዮን ይሆናል። ተቃራኒ ቻርጆች ስለሚሳሳቡ ሁለቱ አዮኖች ተያይዘው ወጥ የምናጣፍጥበት ጨው ይሆናሉ።

ምልክቱ ግራ የሚያጋባው ስያሜው ከግኝቱ ስለቀደመ ነው። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ የሚሉትን ስሞች አሜሪካዊው ተመራማሪ ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሲሰጥ ኤሌክትሮን ገና አልታወቀም ነበር፤ እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄ. ጄ. ቶምሰን በ1897 እ.ኤ.አ. ሲያገኘው ቻርጁ ኔጌቲቭ ከተባለው ወገን ሆነ። ስለዚህ «አዎንታዊ» እና «አሉታዊ» የሚሉት ትርጉሞች ደግና ክፉ ማለት እንዳይመስሉ መምህራን አጥብቀው ቢያስረዱ እወዳለሁ።

ልጅቷን ወደ ማድቤት ወስጄ የሻይ ማንቆርቆሪያችንን ውስጥ አሳየኋት፤ ግድግዳው ላይ ነጭ ቅርፊት ተጋግሯል። የምንቀዳው ውኃ በከርሰ ምድር ሲያልፍ ካልሲየም ያሟሟል፤ ካልሲየም 20 ፕሮቶን ይዞ በ18 ኤሌክትሮን ስለሚቀር ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው። ውኃው ሲፈላ፣ ውስጡ ከሟሟው ባይካርቦኔት ከተባለ ኔጌቲቭ አዮን የሚፈጠረው ካርቦኔት ሁለት ኔጌቲቭ ቻርጅ ይዞ ካልሲየሙን ይስበዋል፤ ተጣምረውም በቀላሉ የማይሟሟ ጠጣር ይሆናሉ። በጥፍሯ ፍቃ መዳፏ ላይ ያኖረችው ነጭ ዱቄት ይኸው ካልሲየም ካርቦኔት ነበር።